ደም ሲመለስ ልብን የመጠበቅ ታሪክ፦ ከቺካጎ እስከ ደሃና

የልብ ጡንቻ ሌት ተቀን ለሚሠራው ሥራ የሚያስፈልገውን ኦክስጅንና ምግብ የሚያገኘው በክፍሎቹ ውስጥ ከሚያልፈው ደም ሳይሆን፣ በላዩ ላይ ተዘርግተው ወደ ውስጡ ከሚዘልቁትና ኮሮናሪ ከሚባሉት ቀጫጭን ደም ቅዳ ቧንቧዎች ነው። ከእነዚህ ቧንቧዎች አንዱ በረጋ ደም ሲዘጋ በእርሱ ይመገብ የነበረው ጡንቻ ይራባል፤ መዘጋቱ ከቀጠለም ይሞታል፤ ኸርት አታክ በመባል የሚታወቀው ድንገተኛ የልብ ሕመም ይህ ነው። ጡንቻውን የሚያድነው የደሙ መመለስ ብቻ ቢሆንም፣ ደሙ በተመለሰባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች ደግሞ ሌላ ጉዳት ይከተላል። ሐኪሞች ሪፐርፊዥን የሚሉት ይህ የደም መመለስ የሚያስከትለውን ጉዳት ለመረዳትና ለመከላከል የተደረገው ጥረት ከስድሳ ዓመት በላይ አስቆጥሯል። ጥረቱ በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሲሳካ ከዚያ ውጭ ግን በተደጋጋሚ ከሽፏል፤ የዚህም ምክንያት በዋግ ኽምራ ደጋዎች፣ በተለይም እንደ ደሃና ባለ ከትልልቅ ሆስፒታሎች በራቀ ወረዳ ለሚኖር ሕዝብ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ድረስ አብዛኞቹ ሐኪሞች የልብ ቧንቧ በድንገት የተዘጋበት ሰው ወዲያውኑ ይሞታል ብለው ያምኑ ነበር። በ1912 የቺካጎው ሐኪም ጄምስ ሄሪክ እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ለቀናት በሕይወት ሊቆይ፣ አልፎም ሊያገግም እንደሚችል ጻፈ። በዚያው ጊዜ በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ በአንጎል ደም ሥር ሕመም ሽባ ሆነው በአልጋ ላይ ነበሩ፤ ሕመሙ ንጉሠ ነገሥትንም ተራ ሰውንም እኩል የሚያሸንፍበት ዘመን ነበርና በየትኛውም አገር የተዘጋ ቧንቧ መክፈት የሚችል ሐኪም አልነበረም። ሄሪክ ሕመምተኛው ወዲያው እንደማይሞት ማሳየቱ ግን በመዘጋቱና በሞቱ መካከል ጊዜ እንዳለ፣ በዚያም ጊዜ ውስጥ አንድ ነገር ማድረግ እንደሚቻል የሚጠቁም ነበር። በ1935 ሮበርት ቴናንትና ካርል ዊገርስ በክሊቭላንድ የውሻን የልብ ቧንቧ በክር ሲያስሩ፣ ከእስሩ በታች ያለው ጡንቻ በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ መኮማተሩን አቁሞ በእያንዳንዱ ምት ወደ ውጭ ሲነፋ ተመለከቱ። ጡንቻው በዚያች ደቂቃ ሥራውን ያቆማል እንጂ አይሞትም፤ ሞቱ የሚመጣው ዘግይቶ ነው።

ጥያቄውን አጣዳፊ ያደረጉት ግን የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ናቸው። በግንቦት 1953 ጆን ጊቦን በፊላደልፊያ የልብንና የሳንባን ሥራ ለጊዜው ተክቶ የሚሠራ መሣሪያ በመጠቀም የአንዲት ወጣት ልብ ከፍቶ በተሳካ ሁኔታ ጠገነ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በጸጥታና ደም በሌለበት ልብ ላይ መሥራት ይችል ዘንድ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን ደም ቅዳ፣ አዎርታን፣ በመቆንጠጫ መያዝ ነበረበት። ቁንጠጣው ደግሞ ወደ ልብ ጡንቻ የሚሄደውን ደም ጭምር ስለሚያቋርጥ፣ በሽታ በድንገት የሚያደርገውን ሐኪሙ በገዛ እጁ፣ አውቆና ሰዓት ቆጥሮ የሚያደርገው ሆነ። ይህ ልዩነት በኋላ ለሆነው ሁሉ ቁልፍ ነው፤ ደሙ መቼ እንደሚቋረጥ አስቀድሞ የሚያውቅ ሐኪም ልብን ለረሃቡ ለማዘጋጀት ዕድል አለው።

የመጀመሪያው መላ ቅዝቃዜ ነበር። የቶሮንቶው ዊልፍሬድ ቢግሎ በ1950 የቀዘቀዘ አካል የኦክስጅን ፍላጎቱ እንደሚቀንስ በእንስሳት ላይ አሳየ። በ1955 ደግሞ በለንደን ዴኒስ ሜልሮዝ ፖታሲየም የበዛበት ፈሳሽ ወደ ልብ ቧንቧዎች በማስገባት ልብን ለጊዜው አስቆመ፤ ያልተኮማተረ ልብ ጥቂት ጉልበት ስለሚያወጣ ረሃቡን ይቋቋማል የሚል ሐሳብ ነበር። ሐሳቡ ትክክል ሆኖ ሳለ መጠኑ ግን ከመጠን ያለፈ ነበር፤ ፈሳሹ ራሱ ጡንቻውን እንደሚገድል ስለታወቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተተወ። በዚህ ስሕተት ምክንያት አንድ ደህና ሐሳብ ለአሥር ዓመት ገደማ ወደ ጎን መገፋቱ ያሳዝናል።

በ1960 በቺካጎ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የፓቶሎጂ ተመራማሪ ሮበርት ጄኒንግስና ባልደረቦቹ የዚህን ታሪክ ትክክለኛ ምዕራፍ ከፈቱ። የውሻን የልብ ቧንቧ ለተወሰነ ጊዜ ዘግተው ሲከፍቱት፣ ደም የተመለሰለት ጡንቻ ተዘግቶ ከቆየው ጡንቻ በፍጥነትም በመልክም በተለየ ሁኔታ ሲሞት አዩ፦ ሴሎቹ ያብጣሉ፣ ክሮቻቸው ተጨማደው ይቆራረጣሉ፣ ካልሲየምም በውስጣቸው ይከማቻል። ከደሙ መመለስ በኋላ በአጭር ጊዜ የታየው ጉዳት ቧንቧው ሳይከፈት ቢቀር ኖሮ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጅ ነበር። ስለዚህም እስካሁን የሚዘልቅ ክርክር ተነሣ፦ የተመለሰው ደም ገና በሕይወት የነበረ ሴል ይገድላልን፣ ወይስ መሞቱ የተወሰነውን ሴል ሞት ብቻ ያፋጥናል? የደሃና ገበሬ ለወራት በደረቀ ተዳፋት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ በአንድ ጊዜ ሲወርድ እርሻውን ከማጠጣት ይልቅ አፈሩን ጠርጎ ወደ ተከዜ እንደሚወስድ ያውቃል፤ በተራበ ጡንቻ ላይ በሙሉ ኃይሉ የሚመለስ ደምም የሚያደርገው ይህንኑ ይመስላል።

የጉዳቱ አሠራር ቀስ በቀስ ተገለጠ። በ1966 በአምስተርዳም ከአይጥ የተወሰደ ልብ ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ለጥቂት ጊዜ ካልሲየም የተነፈገ ልብ ካልሲየሙ ሲመለስለት ከመዳን ይልቅ ወዲያው መሞቱ ታየ። በ1973 የለንደኑ ተመራማሪ ዴቪድ ኸርስ በኦክስጅንም ተመሳሳይ ነገር እንደሚከሰት ገለጸ። እነዚህና በኋላ የመጡ ጥናቶች የደረሱበት ማብራሪያ በአጭሩ ይህ ነው፦ ኦክስጅን በተቋረጠበት ሰዓት ሴሉ አሲድ ያከማቻል፤ ደሙ ሲመለስ አሲዱ ከሴሉ ውጭ በፍጥነት ስለሚታጠብ ሴሉ በውስጡ የቀረውን አሲድ ለማስወጣት ሶዲየም ያስገባል፤ የገባውን ሶዲየም ለማስወጣት ደግሞ ካልሲየም ያስገባል። በካልሲየም የተጥለቀለቀው ክር ያለ ልክ ይኮማተርና ራሱን ይበጥሳል። የሴሉ የጉልበት ማመንጫ የሆነው ማይቶኮንድሪያም በአሲዱ ምክንያት ተዘግቶ የቆየውን ቀዳዳውን ስለሚከፍት ማብጠትና መፈንዳት ይጀምራል፤ በተመለሰው ኦክስጅን የሚፈጠሩት ጎጂ ቅንጣቶችም ይህን ያባብሳሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደሙ በተመለሰባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ስለሆነ፣ የሚያድን መድኃኒት ካለ በእነዚያ ደቂቃዎች ወይም ከዚያ በፊት በደም ውስጥ መገኘት አለበት።

ይህ ዕውቀት ከሁሉ በፊት የጠቀመው ቀዶ ሕክምናን ነው። በ1972 የሂውስተኑ ዴንተን ኩሊና ባልደረቦቹ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ተጨብጦ እንደ ዐለት የጠነከረና ዳግም መምታት የማይችል ልብ ገጥሟቸው ‘የድንጋይ ልብ’ ብለው ሰየሙት። ይህን የመሰለ አደጋ ለማስቀረት በጀርመን ሃንስ-ዩርገን ብሬትሽናይደር፣ በለንደን ሴንት ቶማስ ሆስፒታል ደግሞ ኸርስና የቀዶ ሐኪሙ ማርክ ብሬምብሪጅ የሜልሮዝን ሐሳብ በተመጠነ ፈሳሽ መልሰው አቋቋሙት፤ ልብን የሚያስቆመው ይህ ፈሳሽ ካርዲዮፕሌጂያ ይባላል። በሎስ አንጀለስ ጀራልድ በክበርግና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ መጨረሻ ፈሳሹን ከሕመምተኛው ደም ጋር ቀላቅለው ከመስጠታቸውም በላይ፣ ቁንጠጣው ሲነሣ የመጀመሪያው ደም በዝቅተኛ ግፊት፣ ካልሲየሙ ተቀንሶና ተስተካክሎ እንዲገባ አደረጉ። ደሙን ከመመለስ ባሻገር የአመላለሱንም መልክ መቆጣጠር የተጀመረው ያን ጊዜ ነው።

በ1977 ወደ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተሻግሮ የነበረው ጄኒንግስ ከኪት ራይመር ጋር ያሳተመው ጥናት፣ ከሁሉ ይልቅ ቀላል የሆነውንና ከሁሉ ይልቅ የጸናውን እውነት በቁጥር አስቀመጠ። የውሻ የልብ ቧንቧ ለ40 ደቂቃ ተዘግቶ ሲከፈት ለአደጋ ከተጋለጠው ጡንቻ 38 በመቶው፣ ለ3 ሰዓት ሲዘጋ 57 በመቶው፣ ለ6 ሰዓት ሲዘጋ 71 በመቶው፣ ሳይከፈት 24 ሰዓት ሲቆይ ደግሞ 85 በመቶው ሞተ። ሞቱ ከውስጠኛው የልብ ግድግዳ ተነሥቶ ወደ ውጭኛው ይዘልቃል፤ በዘገየ ቁጥርም የሚተርፈው እየሳሳ ይሄዳል። ይህ ጥናት ሲወጣ በሰው ላይ የተዘጋን ቧንቧ የመክፈት ጥበብ ሊወለድ ጥቂት ነበር የቀረው፤ በዚያው ዓመት በዙሪክ አንድሬያስ ግሩንትዚግ የጠበበ የልብ ቧንቧን በፊኛ አሰፋ፤ በ1979 ፒተር ሬንትሮፕ የረጋ ደም የሚያሟሟውን ስትሬፕቶካይኔዝ በቀጥታ ወደ ተዘጋው የልብ ቧንቧ ሰጠ። በ1986 ከ11,000 በላይ ሕመምተኞች የተሳተፉበት የጣሊያን ጥናት መድኃኒቱ በደም ሥር ቢሰጥም ሕይወት እንደሚያተርፍ፣ በመጀመሪያው ሰዓት ለተሰጣቸው ደግሞ ጥቅሙ ከሌሎቹ እጅግ እንደሚልቅ አረጋገጠ። በ1988 ደግሞ 17,187 ሕመምተኞች በተሳተፉበት ሌላ ጥናት፣ ስትሬፕቶካይኔዝና አስፕሪን በአንድነት ከተሰጧቸው መካከል በአምስት ሳምንት ውስጥ በልብና በደም ሥር ምክንያት የሞቱት 8 በመቶ ሲሆኑ፣ ሁለቱንም ካላገኙት የሞቱት ግን 13.2 በመቶ ነበሩ። በጥቂት ሳንቲም የሚገዛው አስፕሪን ብቻውን ሕይወት ማትረፉ የዚያ ጥናት ትልቁ ስጦታ ነው።

በዚሁ መካከል፣ በ1985፣ ዩጂን ብራውንዋልድና ሮበርት ክሎነር የደም መመለስ በሁለት አፍ የተሳለ ሰይፍ ይሆን ወይ ብለው በጽሑፍ ጠየቁ፤ በተመለሰው ደም ምክንያት ሳይሞት ለቀናት የሚደነዝዝ ጡንቻ መኖሩንም አስቀድመው አስረድተው ነበር። በተከታዩ ዓመት ከዱክ የወጣው ግኝት ግን ብዙዎችን አስደነቀ። ቻርልስ መሪ፣ ጄኒንግስና ራይመር የውሻን የልብ ቧንቧ ለ40 ደቂቃ ከመዝጋታቸው በፊት አራት ጊዜ ለአምስት አምስት ደቂቃ እየዘጉ፣ በየመካከሉም አምስት አምስት ደቂቃ እየከፈቱ ሲያለማምዱት፣ የሞተው ጡንቻ ልምምድ ካልተደረገለት ልብ ወደ አንድ አራተኛ ወረደ። አጭር ረሃብ ልብን ለረጅሙ ረሃብ ያዘጋጀዋል ማለት ነው። ቧንቧው ለ3 ሰዓት በተዘጋ ጊዜ ግን ይህ ጥበቃ አልታየም፤ ተፈጥሮ ራሷ ያዘጋጀችው መከላከያም ቢሆን በሰዓት የተገደበ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባችው በሌላ በር ነው። በአገሪቱ ወጣቶችንና ሕፃናትን ለልብ ቀዶ ሕክምና የሚዳርገው ዋነኛ ምክንያት የቧንቧ መዘጋት ሳይሆን፣ በልጅነት በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ ምክንያት የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር የሚያስከትለው የሩማቲክ ሕመም ነው፤ ይህም የልብ በሮችን ያጨማድዳል። የሚያስገርመው፣ የረጋ ደም የሚያሟሟው ስትሬፕቶካይኔዝ የሚገኘውም ከዚሁ ከስትሬፕቶኮከስ ቤተሰብ ነው። የሕፃናት ልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 የኢትዮጵያ የሕፃናት ልብ ሕሙማን መርጃ ማዕከልን ሲመሠርቱ፣ ለቀዶ ሕክምና የሚደርሱት ልጆች ወደ ውጭ አገር ከመላክ በቀር ተስፋ አልነበራቸውም። ለዓመታት ከተሰበሰበ ገንዘብና ቼይን ኦፍ ሆፕን ከመሳሰሉ የውጭ ድርጅቶች በተገኘ ድጋፍ፣ በ2009 የልብ ቀዶ ሕክምና የሚሰጥበት ማዕከል በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ ተከፈተ። መጀመሪያ በውጭ አገር የሕክምና ቡድኖች ይሠራ የነበረው ቀዶ ሕክምና ከጊዜ በኋላ በኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች እጅ ገባ።

የሜልሮዝ፣ የኸርስና የበክበርግ ድካም በኢትዮጵያ ምድር ፍሬ ያፈራው በእንዲህ ዓይነቱ የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው። ደረቱ ተከፍቶ ደሙ ወደ መሣሪያው ከዞረ በኋላ ሐኪሙ አዎርታን ይቆነጥጣል፤ የቀዘቀዘው ካርዲዮፕሌጂያ ከአዎርታው ሥር ሲገባ ልቡ ምቱን እያዘገየ ይሄድና ለስልሶ ይቆማል፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ደቂቃ ይቆጥራል፤ ፈሳሹም በየጊዜው ይደገማል። የተበላሸው በር ተጠግኖ ወይም ተተክቶ ሲያበቃ በልቡ ውስጥ የቀረው አየር በጥንቃቄ ይወጣል፤ ቁንጠጣውም ይነሣል። ደሙ ሲገባ የገረጣው ጡንቻ ይቀላል፤ አንዳንድ ጊዜ በራሱ መምታት ይጀምራል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሥርዓት በሌለው መንቀጥቀጥ ውስጥ ስለሚገባ በኤሌክትሪክ ንዝረት ይስተካከላል። የደም መመለስ ጉዳት በዓይን የሚታይ ከሆነ የሚታየው በዚህች ቅጽበት ነው፤ ልጁ በሰላም ወደ ቤቱ የሚመለሰውም ልቡ ከመራቡ በፊት ስለተዘጋጀ ነው።

አስቀድሞ ማዘጋጀት በማይቻልበት በድንገተኛው ሕመም ግን ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ ፈለጉ። በ2003 በአትላንታ የጄኮብ ቪንተን-ዮሃንሰን ቡድን የውሻ ልብ ቧንቧ ከተከፈተ በኋላ ሦስት ጊዜ ለ30 ለ30 ሰከንድ ዘግቶ ሲከፍተው የሞተው ጡንቻ በእጅጉ ቀነሰ። በ2005 የሊዮኑ ሚሼል ኦቪዝና ባልደረቦቹ በ30 ሕመምተኞች ላይ ፊኛውን ለአንድ ለአንድ ደቂቃ አራት ጊዜ እየነፉና እያረገቡ ተመሳሳይ ውጤት አገኙ፤ በ2008 ደግሞ የማይቶኮንድሪያን ቀዳዳ የሚዘጋው ሳይክሎስፖሪን በ58 ሕመምተኞች ላይ ተስፋ ሰጠ። በ2010 የዴንማርክ ሐኪሞች ከዚህም የቀለለ ዘዴ ይዘው መጡ፦ በአምቡላንስ ውስጥ የሕመምተኛውን ክንድ በደም ግፊት መለኪያ ማሰሪያ ለአምስት ደቂቃ አጥብቆ ለአምስት ደቂቃ መልቀቅ፣ ይህንም አራት ጊዜ መደጋገም። የተራበ ክንድ ለሩቁ ልብ የጥበቃ መልእክት እንደሚልክ ከእንስሳት ሙከራ ታውቆ ነበርና፣ በዚያ ጥናት ከሞት የተረፈው ጡንቻ መጨመሩ ታየ። ማንኛውም ጤና ጣቢያ ያለው መሣሪያ ልብን ሊያድን ነው የሚለው ተስፋ ለድሃ አገር ምን ያህል ትልቅ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ተስፋው ግን በሰፊው ሲፈተን አልጸናም። በ2015 ሳይክሎስፖሪን በ970 ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ አልጠቀመም፤ በዚያው ዓመት በልብ ቀዶ ሕክምና ላይ የክንድ ማሰሪያውን የሞከሩ ሁለት ታላላቅ ጥናቶች የሕመምተኞቹን ዕጣ እንደማይለውጥ አሳዩ። በ2019 በዴንማርክ፣ በብሪታንያ፣ በስፔንና በሰርቢያ 5,401 ድንገተኛ ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት ውጤት ሲወጣ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በልብ ሕመም የሞቱት ወይም በልብ ድካም ሆስፒታል የገቡት ማሰሪያ ካልተደረገላቸው 8.6 በመቶ፣ ከተደረገላቸው 9.4 በመቶ ሆኑ። ለክሽፈቱ ከተሰጡት ማብራሪያዎች ይበልጥ አሳማኙ፣ በእነዚያ አገሮች ሕመምተኛው ቶሎ ሆስፒታል ደርሶ ቧንቧው በጥቂት ሰዓት ውስጥ በፊኛ ስለሚከፈትለትና ብዙ መድኃኒት ስለሚወስድ ለተጨማሪ ጥበቃ የሚቀረው ቦታ ጠባብ መሆኑ ነው። ማሰሪያው በጥቅም ላይ ሊውል የሚችለው ምናልባት ሕክምናው በሚዘገይበት አገር ነው በሚል እምነት፣ ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች በመድኃኒት ብቻ በሚታከሙ ሕመምተኞች ላይ የሚደረግ ጥናት ተነድፏል፤ ጥያቄው ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ መሸጋገሩም ተገቢ ነው።

በደሃና ወረዳ ደረቱን በድንገት የጠቀጠቀው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ጨጓራ ወይም ብርድ እንደመታው ነው። ውጋቱ ወደ ግራ ክንድና ወደ መንጋጋ ሲዛመት፣ ላብ ሲያጠምቀው ጎረቤት ይሰበሰባል፤ መኪና ከማይደርስበት ቀበሌ ከሆነም በቃሬዛ ተሸክመውት ገደል ወርደው ዳገት ይወጣሉ። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳው ከተማ ወደ አምደወርቅ፣ ከአምደወርቅም በአምቡላንስ ወደ ሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ሲደርስ የራይመርና የጄኒንግስ ሰዓት ሲቆጥር ቆይቷል፤ ወደ 700 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የአዲስ አበባ መንገድ ደግሞ ለፊኛ ሕክምና የተመደበውን የሁለት ሰዓት ገደብ ፈጽሞ የማይታሰብ ያደርገዋል። እንዲህ ላለ ቦታ ዓለም አቀፉ መመሪያ የሚያዘው ግልጽ ነው፦ ሕመሙ ከጀመረ ከ12 ሰዓት ያልበለጠውና ደም የሚያፈስ ሌላ ችግር የሌለበት ሕመምተኛ የልቡን ኤሌክትሪክ በሚያነብበው ኢሲጂ እንደተለየ ባለበት ሆስፒታል የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ አስፕሪኑም ወዲያው ይጀመርለታል። ስትሬፕቶካይኔዝ በዓለም ጤና ድርጅት የአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የገባውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ በዋግ ኽምራ ልብን ደም ሲመለስ ከሚደርስበት ጉዳት የሚጠብቀው ዋናው ነገር፣ ደሙ ጡንቻው በብዛት ከመሞቱ በፊት እንዲመለስ ማድረግ ነው፤ የሩማቲክ ልብ ሕመም ላለባቸው ልጆች ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ከቀዶ ሕክምናው አስቀድሞ የሚመጣ ጥበቃ ነው።  የአማራ ክልል ጤና ቢሮና የዞኑ ጤና መምሪያ በአምደወርቅና በሰቆጣ ኢሲጂ የሚያነብ ባለሙያ ሌት ተቀን እንዲገኝ፣ በየጤና ጣቢያው አስፕሪን፣ በሰቆጣው ሆስፒታል ደግሞ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት እንዳይጠፋ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ድንገተኛ የደረት ውጋትን ከጨጓራ ሕመም ለይተው ሕመምተኛውን ሳይነጋ እንዲልኩ ሊያደርጉ ይገባል።